ልጅዎ «መክሳት እፈልጋለሁ» ስትልዎ

የዚህ ወር ጨዋታችን በብዙ ቤት በእራት ሰዓት ድንገት ስለምትሰማ አንዲት ንግግር ነው። የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅዎ ከማዕዱ ራቅ ትልና «በቃኝ፣ መክሳት እፈልጋለሁ» ትላለች። ወንዶቹም ያስቡታል፤ ጮክ ብለው ባይናገሩትም ሸሚዛቸውን እየጎተቱ ሆዳቸውን ሲሸፍኑ ያዩዋቸዋል።

በዚያች ቅጽበት ከወላጅ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። «ምን ሆነሽ? አምሮብሻል፣ ዝም ብለሽ ብይ!» የሚል አለ። «እኔም ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ዳቦውን ተይው» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ ይስቃል። ሦስቱም መልሶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጉዳዩን የልጅቷ ብቻ ያደርጉታል።

ዛሬ ላሳምንዎ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው። የአንድ ታዳጊ ክብደት የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሌላው ቤተሰብ ለስላሳ እየጠጣ ልጅቷን ለብቻዋ «ዳይት» ላይ ማስቀመጥ አያዛልቅም። የቤቱን ገበታና ልማድ ማስተካከል ግን ያዛልቃል፤ ለእርስዎም ጤና ይተርፋል።

እንደሚያውቁት ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። እንጀራዬ ሰው አንዱን ዕቃ አንስቶ ሌላውን ለምን እንደሚተው ማሰብ ነው። በዚህ ሙያ መጀመሪያ የምንማረው አራት ነገር አለ፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ። ሰው የሚገዛው የሚያስፈልገውን ብቻ አይደለም። ያለውን፣ አቅሙ የሚፈቅደውን፣ እጁ የሚደርስበትንና ደጋግሞ የሰማውን ነው የሚገዛው። ቤትም ከሱቅ ብዙ አይለይም። ልጅዎ የምትበላው በአብዛኛው እርስዎ ያቀረቡላትን ነው። ስለዚህ ወደ ልጅቷ ጣት ከመቀሰራችን በፊት «ሱቁን» እንፈትሽ።

«ወፈርሽ» ምርቃት በነበረበት አገር

ይህን ዓምድ የምጽፈው ከአምቦ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው ከተማ። እዚህም ሆነ በጉደር፣ በግንጪና በሆለታ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነበር። ችግር ያየ ሰው ሙሉ ፊት ሲያይ ደስ ይለዋል። አያት የልጅ ልጇን ጉንጭ ይዛ «ተመስገን፣ ደልቶሻል» ስትል በሙሉ ልቧ እየመረቀች ነው። ያቺው ልጅ ግን ስልኳን ስትከፍት ወገባቸው የቀጠነ፣ ፎቷቸው የተስተካከለ ልጆችን ታያለች። በአንድ ጆሮዋ «ብይ» ይባላል፤ በሌላው «ክሺ»። ማንን ትስማ?

አገራችንም በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው 5 ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ዘንድ ከመጠን ያለፈ ክብደት በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ማደጉን ያሳያል፤ በከተማ ደግሞ ከገጠሩ በብዙ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዓለም ዙሪያ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ታዳጊዎች መጠን ከ1990 እስከ 2022 ባለው ጊዜ አራት እጥፍ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ የልጅዎን ጥያቄ «የፈረንጅ ቅብጠት» ብለው አይለፉት። ሳያጣሩ ደግሞ «እውነትሽን ነው» አይበሏት።

መጀመሪያ፣ እውነት ክብደቷ በዝቷል?

ብዙዎቻችን የምናውቀው የአዋቂ ስሌት አለ። ክብደትን በኪሎ ወስደን፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝተን እናካፍላለን፤ ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደት በዝቷል ይባላል። ይህ ወሰን ለታዳጊ አይሠራም። ልጅ እያደገ ስለሆነ ውጤቱ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ይነጻጸራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የተለየ ሰንጠረዥ አለው።

በምሳሌ እንየው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 62 ኪሎ የሆነች የ15 ዓመት ልጅ ውጤቷ 24.2 ነው። በአዋቂ መለኪያ ጤናማ ነች። በ15 ዓመት ሴት ልጅ ሰንጠረዥ ግን መስመሩ 23.5 ገደማ ስለሆነ በትንሹ አልፋለች። ቁመቷ ያው ሆኖ 50 ኪሎ የምትመዝን ጓደኛዋ ደግሞ 19.5 ታመጣለች። እሷ ፍጹም ጤናማ ናት፤ ሆኖም መስታወት ፊት ቆማ «ወፍሬያለሁ» ብላ ልታለቅስ ትችላለች። ለመጀመሪያዋ የቤት ለውጥ ያስፈልጋታል። ለሁለተኛዋ የሚያስፈልጋት የሚሰማት ሰው ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግርዎ የጤና ባለሙያ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወስደው ቁመቷንና ክብደቷን ያስለኩ።

ሌላም መልካም ዜና አለ። ቁመቱ ገና እየጨመረ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ኪሎ መጣል አያስፈልገውም፤ ባለበት መቆየቱ በቂ ነው። 1.55 ሜትርና 58 ኪሎ የሆነ የ13 ዓመት ልጅ ውጤቱ 24.1 ነው። ክብደቱ ሳይጨምር ቁመቱ 1.65 ቢደርስ ውጤቱ ወደ 21.3 ይወርዳል። አንድም ኪሎ አልጣለም፤ ቁመቱ ሠራለት። ለዚህ ነው በታዳጊ ላይ ጥድፊያ የማይመከረው። አጥንትና ደም በሚገነባበት ዕድሜ ምግብ መከልከል፣ ግንቡ ሳያልቅ ሲሚንቶውን እንደ መደበቅ ነው።

ምርት፦ ጓዳው ውስጥ ምን አለ?

ከመጠጥ እንጀምር፤ ቀላሉም ትልቁም ለውጥ ያለው እዚያ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ይህ ለአንድ አዋቂ በቀን 25 ግራም ገደማ ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ድንበሩን አለፈች ማለት ነው።

«እኛ ለስላሳ የምንጠጣው በበዓል ነው» ካሉኝ ሻይዎን ልጠይቅዎ። በቀን ሦስት ስኒ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር ከሆነ ዘጠኝ ማንኪያ ነው፤ 36 ግራም። ጭማቂ ቤት የሚገዛው ጁስም ስኳር ከተጨመረበት ከዚሁ ወገን ነው። ፍሬውን እንዳለ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቃጫው ሆድ ይሞላል።

እዚህ ላይ የከተማዬን ስም ላንሳ። የአምቦ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ ይሸጣል፤ በአገራችን «አምቦ ውሃ» የጋዝ ውሃ ሁሉ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። «ጠዋት በሎሚ ከጠጡት ስብ ያቀልጣል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ስብ የሚያቀልጥ ውሃ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ስኳር የለውም፣ ካሎሪ የለውም፣ የሚያፈላ ነገር ለለመደ ልጅ ለስላሳውን በቀላሉ ይተካል። ጣዕም የተጨመረበት ከሆነ ግን የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ፤ ስኳር ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ያንን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መሄድ ይጠይቃል። ወጥ ስንሠራ ከጠርሙሱ ዝም ብሎ ማንቆርቆር ትተን በማንኪያ ብንለካው፣ ጣዕሙ ሳይጓደል ግማሹ ይቀራል።

እንጀራስ? እንጀራን ጠላት አያድርጉት። ጤፍ ቃጫና ማዕድን ያለው እህል ነው። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው፤ አንድ ጭልፋ ሽሮ በሁለት እንጀራ ሲበላ። ይገልብጡት፤ እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡንና አትክልቱን በዛ ያድርጉ። ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ የገበታውን ግማሽ ቢይዙ፣ የቀረውን ግማሽ እንጀራውና ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ይካፈሉታል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣችው የአመጋገብ መመሪያም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ምግቡ የተለያየ ይሁን፣ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ይቀነሱ።

ሦስተኛው ቁርስ ነው። ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ እንቁላል፣ እርጎና ሙዝ እያለን ነጭ ዳቦ በማርማላታ የሙጥኝ ማለት የለብንም። ቁርስ ሳትበላ የወጣች ልጅ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ቦምቦሊኖ ስትገዛ አይፍረዱባት፤ ርቧት ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ጾም የእምነት ጉዳይ እንጂ የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ቀላል ነው ማለትም አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሳምቡሳም የጾም ነው። የምትጾም ታዳጊ ካለችዎ ገበታዋ ላይ ምስርና ሽምብራ፣ ሱፍና ኑግ፣ ጎመንና ፍራፍሬ በየዕለቱ መኖራቸውን ያረጋግጡ። ፍስክ ሲገባም ሁለት ወር ያመለጠውን በአንድ ሳምንት ለማካካስ አንሩጥ። የበዓል ቀን ዶሮውም ጩምቦውም ይበላ፤ በዓሉ እስከ ሳምንት እንዳይቀጥል ብቻ።

ዋጋ፦ ገንዘብም ድካምም

ዋጋ ሲባል ብር ብቻ አይምሰልዎ። ድካምም ዋጋ ነው። ከትምህርት ቤት ተርባ የገባች ልጅ ፊት አንድ ፓኬት ብስኩትና ያልታጠበ ካሮት ቢቀመጥ የትኛውን ታነሳለች? ብስኩቱ «ርካሽ» ነው፤ መቅደድ ብቻ ነው። ካሮቱን አጥበው፣ ልጠው፣ ቆርጠው ሳህን ላይ ቢያስቀምጡት ዋጋው ይወርዳል። የተቀቀለ እንቁላል፣ የታጠበ ፍራፍሬ፣ በጣሳ የተቀመጠ የገብስና የሽምብራ ቆሎ እንዲሁ ናቸው። ቆሎ ከችፕስ ይጣፍጣል ብዬ አልከራከርም፤ እጅ ውስጥ ሲገባ ግን ይበላል።

ብሩንም እንየው። የኪስ ገንዘብ ሰጥተን ምሳ ዕቃ ሳንሰጥ ከላክናት፣ ገንዘቡን የምታውለው በሩ ላይ በሚሸጠው ነው። በሩ ላይ ደግሞ የሚሸጠው በአብዛኛው የተጠበሰና ጣፋጭ ነው። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከሽሮ ፍርፍሩ ጎን ሙዝ ወይም ብርቱካን ቢኖር ወጪዎም ይቀንሳል።

አንድ ተጨማሪ ምክር፦ ጣፋጭን ሽልማት አያድርጉት። «ፈተናውን ካለፍሽ ኬክ እገዛልሻለሁ» ያልን ቀን ኬክን ከደስታ ጋር፣ ጎመንን ከግዴታ ጋር አጋባናቸው። ፍቺው ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ቦታ፦ ዓይን ያየውን

ሱቅ ውስጥ በዓይን ትይዩ የተቀመጠ ዕቃ ይበልጥ እንደሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እቤትዎ በዓይን ትይዩ ያለው ምንድን ነው? ፍሪጁን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚታየው ለስላሳ ከሆነ፣ የልጅቷን ራስን የመግዛት ኃይል በየሰዓቱ እየፈተኑት ነው። ለእንግዳ የተገዛው ለስላሳ ቁምሳጥን ይግባ፤ ፊት ለፊት የውሃ ጆግና ፍራፍሬ ይቀመጥ። መከልከል አይደለም፤ ቦታ መቀየር ነው።

የሚበላበትም ቦታ ልዩነት ያመጣል። ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ፊት የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም። እኛ ደግሞ አንድ ላይ የሚበላበት ማዕድ አለን፤ ልጅ ስለ ውሎው የሚያወራው፣ ወላጅም ልጁ መብላት መቀነሱን የሚያስተውለው እዚያ ስለሆነ አይተዉት። ሁለት ነገር ብቻ እናስተካክል። አንደኛ፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን መብላት ግዴታ አይሁን፤ «በቃኝ» ያለች ልጅ በቃት። ሁለተኛ፣ ጉርሻ በፍቅር እንጂ በግድ አይሁን። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያልን ሦስትና አራት የምናጎርስ ሰዎች ነን!

የመጨረሻው ቦታ አልጋው ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። እንቅልፍ ያነሰው ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባታም ነው። ስልኩ ሌሊት ሳሎን ቢያድር (የእርስዎም ጭምር) እንቅልፉ ይረዝማል።

ማስተዋወቅ፦ አፋችን ምን ይሸጣል?

በሙያዬ አንድ መልእክት ደጋግሞ የተነገረ እንደሆነ ሰው የራሱ ሐሳብ አድርጎ ይይዘዋል። በቤታችን ደጋግመን የምንለው ምንድን ነው? «ዱባ»፣ «ቦርጮ»፣ «ድብልብል» የሚሉ የቁልምጫ መሰል ስሞች በልጅነት ያስቁ ይሆናል፤ በ14 ዓመት ግን ይቆስላሉ። ከእህት ጋር ማወዳደርም እንደዚሁ። የተሰደበ ልጅ አይከሳም፤ ተደብቆ ይበላል፣ ወይም ተደብቆ ይራባል።

እናት በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ «ይሄ ሆዴ!» እያለች ልጇን «ሰውነትሽን ውደጂ» ብትላት ማስታወቂያውና ምርቱ አልገጠሙም። አባት ሶፋ ላይ ተዘርግቶ «ተነሥ፣ ሩጥ!» ቢልም ያው ነው። ልጆች ከቃላችን ይልቅ ኑሯችንን ይገዛሉ።

ታዲያ «መክሳት እፈልጋለሁ» ስትልዎ ምን ይመልሱ? መጀመሪያ ይጠይቋት። «ምን አሳሰበሽ? ሰው የተናገረሽ ነገር አለ?» ክፍል ውስጥ የተሰደበች ልጅ ችግሯ ከዳቦው ጋር ላይሆን ይችላል። ቀጥለው «ሁላችንም አመጋገባችንን እናስተካክላለን፣ አብረን ነን» ይበሏት። ወሬው ስለ ኪሎ ሳይሆን ስለ ጉልበት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጤና ይሁን። እንግዳና ዘመድ ክብደቷን አንሥቶ ሲቀልድ ደግሞ ጣልቃ ይግቡ፤ «ተዉ እንጂ፣ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት» ማለት ነውር አይደለም።

እግራችንስ?

ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ፣ ከጀልዱ የተነሣው ፈይሳ ሌሊሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን የብር ሜዳሊያ አምጥቷል። የሯጮች አገር ነን። ግን ጎረቤት ስለሮጠ እኛ አንከሳም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስቱ ቀን ደግሞ ጠንከር ብሎ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ይሁን ይላል። ስድሳው ደቂቃ በአንዴ ማለቅ የለበትም። ወደ ትምህርት ቤት 20 ደቂቃ ሄዶ 20 ደቂቃ መመለስ 40 ነው፤ የቀረው 20 በገመድ ዝላይ ይሞላል። ጂም አያስፈልግም። ችግሩ ባጃጅ ነው! አምቦ ውስጥ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ለመሄድ ባጃጅ የምንጠብቅበት ጊዜ አንዳንዴ በእግር ከምንሄድበት ይረዝማል። መንገዱ አስተማማኝ ከሆነና ጓደኛ ካላት፣ ቢያንስ መልሱን በእግሯ ይሁን።

ልጅዎ የምትወደውን እንድትመርጥ ይተዉላት። ሱዚ፣ መረብ ኳስ፣ እግር ኳስ፣ እስክስታ፣ ብስክሌት፣ ሁሉም ይቆጠራል። እስክስታ ለ20 ደቂቃ የሞከረ ሰው ላቡን ይጠይቅ! አምቦ ላሉ የፍል ውሃው መዋኛ አለ። የወንጪ ሐይቅም ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ የተመዘገበችው ወንጪ ቤተሰብ ወደ ሐይቁ በእግሩ ወርዶ፣ አዳልጦት፣ ስቆ፣ ተንፍሶ የሚመለስባት ቦታ ናት። አዲስ አበባ ያሉ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውና መንገዶች ለእግረኛ የሚለቀቁበት «መንገድ ለሰው» ቀን ሲኖር ልጆቻቸውን ይዘው ይውጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳሱን ይዞ ይወጣል፤ ሴቷ ወጥ ቤት ትገባለች። ከዚያ «ለምን አትንቀሳቀሽም?» እንላታለን። የቤት ሥራው ለሁለቱ ይከፈልና ለእሷም የጨዋታ ሰዓት፣ የሚመች ጫማና ቱታ ይኑራት። ሴት ልጅ ሰፈር ውስጥ ስትሮጥ «ምን ነካት?» የሚለውን ዓይን የሚሰብረው ከጎኗ የሚሮጥ ወላጅ ነው።

ይህችን ክፍል ለልጅዎ ይስጧት

ታዳጊዎች፣ አሁን ከእናንተ ጋር ነኝ።

ምግብ አትዝለሉ። ቁርስና ምሳ የዘለለ ሰው ማታ ሁሉንም በአንዴ ይበላል፤ በመካከሉም ክፍል ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ትምህርቱ አይገባውም።

«በሁለት ሳምንት 10 ኪሎ» የሚል ክኒን፣ ሻይና ዱቄት አትግዙ። በማስታወቂያ ሙያ ያለ ሰው ሲነግራችሁ ስሙኝ፤ ተስፋው በጣም ትልቅ፣ ጊዜው በጣም አጭር፣ ሻጩ ደግሞ የማይታወቅ ከሆነ የሚሸጠው ጭንቀታችሁ ነው። ሆድ የሚያስቀምጥ ሻይ የሚያወጣው ውሃ ነው፤ ስቡ እዚያው ይቀራል፣ ሰውነታችሁ ግን ይደርቃል።

ስልክ ላይ ያለውን ሰውነት ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ። መብራቱ፣ ማጣሪያውና አቋቋሙ የተሠራ ነው። እናንተ ገና እያደጋችሁ ነው፤ በጉርምስና ጊዜ ዳሌ መስፋቱ፣ ሰውነት መሙላቱ ተፈጥሮ ነው።

ከበላችሁ በኋላ የማስመለስ ፍላጎት፣ ስለ ምግብ ሌት ተቀን ማሰብ ወይም ተደብቆ መብላት ካለ፣ ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ። አያሳፍርም፤ ሕክምና አለው።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

አሁን ወደ ወላጆች ልመለስ። እነዚህን ካዩ ቀጠሮ አያዘግዩ፦ ክብደቷ በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት ከጨመረ ወይም ከቀነሰ፤ አንገቷና ብብቷ አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረ፤ ስትተኛ በኃይል ካንኮራፋችና ቀን ቀን ካንቀላፋች፤ የወር አበባዋ ከተዛባ ወይም ከቆመ፤ ውሃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛ፤ ከሰው መሸሽ፣ ምግብ ሰዓት ላይ መጥፋት፣ ከማዕድ ተነሥታ ወዲያው መታጠቢያ ቤት መግባት ካዘወተረች። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ እሷ ራሷ ትናገር፤ ለብቻዋ መናገር ከፈለገችም ይውጡላት።

ለአንድ ወር ብቻ

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመለወጥ አይሞክሩ፤ የሰኞ ዳይት ብዙ ጊዜ ረቡዕ ላይ ይሞታል። ይልቅ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጨምሩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ለስላሳው ከቤት ይውጣ፤ የሻዩ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት ይውረድ። ምላስ ቶሎ ይለምዳል።

በሁለተኛው ሳምንት ምሳና እራት ላይ አትክልት ይጨመር፤ ዘይቱም በማንኪያ ይለካ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ልጅዎ አብራ ሄዳ የምትወደውን አትክልት ራሷ ትምረጥ። የመረጡትን መብላት ይቀላል።

በሦስተኛው ሳምንት ከእራት በፊት የ30 ደቂቃ የቤተሰብ እርምጃ ይጀመር። ስልክ ቤት ይቅር። በመንገድ ላይ ስለ ክብደት ማውራት ክልክል ነው፤ ሌላው ሁሉ ይፈቀዳል።

በአራተኛው ሳምንት ስልኮች ሁሉ ሳሎን ይደሩ፤ መብራት በጊዜ ይጥፋ።

በዚህ ወር ውስጥ ልጅዎን ሚዛን ላይ አያውጧት። በወሩ መጨረሻ የሚጠይቋት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ቀጥለን ምን እንለውጥ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እሷ ትመልስ፤ እቅዱ የእሷም እንዲሆን።

ሳሎንዎ ፍሬያማ፣ ማዕድዎ የሰላም ይሁን። ወር ሰው ይበለን፣ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።